ኮምቦልቻ ላይ ከኔትወርክ ሰዎች ጋር

ስብሰባው ኮምቦልቻ ነው፤ ያደርኩት ግን ደሴ። ኮምቦልቻ ያሉት ደህና ደህና አልጋዎች ቀድመው ተይዘው ነበር። አዘጋጆቹ «ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ትወርዳለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለ ብርዱ ግን ማንም ምንም አላለኝም።

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኔትወርክ አስተዳድራለሁ። ከተማዬ ሜዳ ናት። መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፤ ማታም በቲሸርት ይኬድባታል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ተኝቼ ጨረስኩት። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳው አውቶብስ ጣርማ በር ዋሻ ሲደርስ መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቴን አወለቅኩ። ከዚያ ወዲያ ኬላ፣ ፍተሻ፣ ደግሞ ኬላ። ከሚሴን፣ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን አለፍን።

ሐረጎ ዳገት ላይ ግን እንቅልፌ ጠፋ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ያውም በጠመዝማዛ። ከታች ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። አውሮፕላን ማረፊያው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የፋብሪካዎቹ ጣሪያ ሁሉ ከላይ ይቆጠራል። አጠገቤ የተቀመጠው የደሴ ልጅ ስልኩን እየነካካ ቀና እንኳ አላለም።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ክፉ ነበረች። ፒያሳ አጠገብ ያገኘሁት ፔንሲዮን አልጋው 800 ብር ነው ተባልኩ። ስከፍል 900 ሆነ። መቶዋ የዋይፋይ ናት። ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ባየው የዋይፋይ ሽታውም የለም። «ሙቅ ውሃ አለ» ተብሎ ነበር፤ ከቧንቧው የወረደው አጥንት የሚሰብር ነው። ብርድ ልብሱ አንድ ነው፣ እሱም ስስ። ካልሲ ደርቤ፣ ጃኬቴን እንደለበስኩ አደርኩ።

ጠዋት እንግዳ መቀበያው ጋ ወርጄ ራውተሩን ፈለግኩ። ከብረት ቁም ሳጥን ጀርባ መሬት ላይ አስቀምጠውታል። ብረት የዋይፋይን ሞገድ አያሳልፍም፤ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ከልጁ ጋር አውጥተን ደረጃው አናት ላይ ሰቀልነው። ማታ ስመለስ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሰራል። መቶ ብሬ ግን አልተመለሰችልኝም። ይሄ አሁንም ያናድደኛል። የብሩ ጉዳይ አይደለም። የማይደርስ ኢንተርኔት መሸጥ የሁላችንንም ሙያ ስም ያጠፋል።

በሩ አጠገብ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ስንቀጠቀጥ አይተው «ልጄ ከየት ነህ?» አሉኝ። «ከሐዋሳ» ስላቸው «ውይ! በዚህች ጃኬት ነው ታዲያ ደሴ የምትመጣ?» አሉ። ማታ ስመለስ ጋቢ አጥፈው ጠበቁኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን መለሱት። «አብሽር፣ ስትሄድ ትመልሰዋለህ።» ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። እኛ ሐዋሳ እንግዳ እንወዳለን፣ እናስተናግዳለን። ጋቢያችንን ግን ለማናውቀው ሰው ቶሎ አናውስም።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። የመጣነው ከዩኒቨርሲቲ፣ ከሆስፒታል፣ ከባንክና ከፋብሪካ ነው፤ ፋይበር የሚዘረጉ ኮንትራክተሮችም ነበሩ። ከወልድያ፣ ከሰመራ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ዳር የመጡ አሉ። የመክፈቻ ንግግሩ እስከ ሻይ ሰዓት ተጎተተ። ሌሊት ሙሉ ተጉዞ ለመጣ ሰው ይሄ ግፍ ነው። ስለ አይፒቪ6፣ ስለ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ የቀረበውም ከስላይድ ላይ ተነቦ አለቀ። ርዕሱ ከዚያ የተሻለ ይገባው ነበር። የድሮው አይፒቪ4 በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ነው ያለው። የአፍሪካን ድርሻ የሚያድለው አፍሪኒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አይሰጥም።

ከሰዓት በኋላ ግን ነፍስ ዘራን። አንዲት ወጣት ቴክኒሻን የተቆረጠ ፋይበር እንዴት እንደሚቀጠል አሳየችን። ጠረጴዛው ዙሪያ ተጋፍተን ቆምን። ሽፋኑን ገፈፈች። መስታወቱን አልኮል በነካ ሶፍት ጠረገች፤ አንዴ ጠርጋ አልበቃትም፣ ደገመችው። ከነሽፋኑ ሳይሆን መስታወቱ ብቻ ውፍረቱ 125 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው። ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ቢሆን ነው። በክሊቨር ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ሁለቱን ጫፍ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ጫፎች ተፈላልገው ሲገጣጠሙ ይታያል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ አለቀ። ማሽኑ የብርሃን ብክነቱ 0.01 ዴሲቤል ብሎ ጻፈ፤ ኢምንት ነው። «መንገድ ዳር፣ አቧራ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነው ይሄን የምሰራው» አለች። «ኤክስካቫተር ሲቆርጠው አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ እኛ ግን ሌሊቱን እናድራለን።» ጭብጨባው ከመክፈቻ ንግግሩ በልጦ ነበር፤ ይገባታልም።

ሁለተኛው ቀን ላይ የሰመራው ልጅ ላፕቶፑን ስክሪን ላይ ሰክቶ ትሬስራውት ሠራ፤ መረጃ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ፍተሻ ነው። ደሴ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ነው የፈለገው። መስመሩ ከአዳራሹ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ ጀርመን ገባ። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር እዚያ ነው። ደርሶ ለመመለስ ከ130 ሚሊ ሰከንድ በላይ ፈጀ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል። ከኮምቦልቻ ደሴ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ አይፈጅበትም። የጎረቤት ዕቃ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ የባሕሩ ኬብል ሲበጠስ ሐረጎ ማዶ ያለ ትምህርት ቤትም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰርቨሩን አገር ቤት ማምጣት፣ ኔትወርኮቹንም እዚሁ ማገናኘት። የኢንተርኔት መለዋወጫ የሚባለው ሲጀመር አንድ ስዊች ነው። ሁሉም ገመዱን ይዞ መጥቶ ይሰካበታል፣ የአገር ውስጡን ትራፊክ እዚያው ይለዋወጣል። የሚከብደው መስማማቱ ነው። ኬንያዎች እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ሲከፍቱ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዘጋባቸው። ተከራክረው በ2002 እንደገና ከፈቱት። ያን ያህል ሊከራከሩ የቻሉት ተፎካካሪዎቹ አብረው ስለቆሙ ነው። እንዲህ ዓይነት ስብሰባም ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። የአፍሪካ የኔትወርክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ኬፕታውን ላይ አፍኖግ የሚባለውን መሰባሰቢያቸውን ሲጀምሩም ስልጠናው አንድ ነገር ነው፤ መተዋወቁ ሌላ።

ይሄን ከማንም በላይ የገለጸው አንድ የደሴ ባለሙያ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ የሰርቨር ክፍሉ ባዶ ነው። ዕቃው የሚደረደርበት ራክ ሳይቀር ተወስዷል፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። «ለአዲስ ዕቃ ደብዳቤ ጻፍን» አለ። «መልሱን እየጠበቅኩ አንድ ስልክ ደወልኩ። አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ጎኔ የተቀመጠ የደብረ ብርሃን ልጅ አለ። በሳምንቱ ያገለገለ ስዊች በጭነት መኪና ላከልኝ። በዚያ ጀመርን።» አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ያሉኝን ቁጥሮች ማየት ጀመርኩ። ሌሊት 8 ሰዓት መስመር ቢቋረጥብኝ የምደውልለት ሰው ከሐዋሳ ወዲያ አልነበረኝም።

ምሳ የፍየል ጥብስ በላን። ለሦስት ተካፍለን ለእያንዳንዳችን ከ400 ብር ብዙ አልበለጠም። ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች ናት፤ ለእኔ ትመቸኛለች። ከደሴ ይልቅ እሷን ወድጃታለሁ፣ የደሴ ሰዎች አይቀየሙኝ።

ማታ ላይ አንድ ወረቀት ዞረ። ስም፣ የሚሰራበት ቦታ፣ ስልክ፤ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ምን ማዋስ እችላለሁ?» ይላል። አንዱ ኦቲዲአር (ፋይበር የት ጋ እንደተበላሸ የሚለካ መሣሪያ) ጻፈ፣ ሌላው ትርፍ ዩፒኤስ። ፋይበር የምትቀጥለው ቴክኒሻን ማሽኗን ከነራሷ ጻፈች። እኔ ሁለት ያገለገሉ ስዊቾችና ሊኑክስ የማስተማር ሁለት ቀን ጻፍኩ።

ቀጣዩ ሰመራ ይሁን ተብሏል። ሙቀቱ ሳይጠና በፊት፣ ጥር ላይ እንዲሆን ጠይቀናል። የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት ወይም የፋብሪካ ኔትወርክ የምታስተዳድሩ ካላችሁ ኑ። ወረቀቱ ላይ ገና ብዙ ቦታ አለ።