አመል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡ ይሁን፣ ቡና ሳልጠጣ መውጣቴ ይሁን እንጃ።

የዕጩ መምህራን መገምገሚያ ቅጹ አሁንም አላለቀም። ሁለታችን ከኮሌጁ፣ ሁለቱ ዕጩዎቻችንን ከሚቀበለው ትምህርት ቤት ሆነን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ላይ ተጣብቀናል፤ ዲስፖዚሽንን፣ መምህር በሥራው ላይ የሚያሳየውን ጠባይና አመለካከት፣ ምን እንበለው? "ዝንባሌ" ስንል ሥዕል መውደድ ይመስላል። "ሥነ ምግባር" ስንል ዲሲፕሊን ኮሚቴ ኮሚቴ ይሸታል። ጋሽ መ. ቢሰለቻቸው "አመል በሉትና ተገላገሉ" አሉ። ሳቅን እንጂ ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልንም።

በኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። በ1996 በቴሶ፣ በመምህራን ሥልጠና ማሻሻያው፣ ፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ወጥቶ ማስተማርን መለማመድ) በየዓመቱ ሲደለደል እንኳ የሚታየው የትምህርት ዕቅድ፣ የሰሌዳ ጽሑፍና ድምፅ ነበር። ገምጋሚው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ምን እንደጻፈብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ደግሞ ሜንተሮቹ፣ ዕጩዎቹን ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያግዙት መምህራን፣ ለሁሉም ሙሉውን 5 ይሞላሉ፤ "በሰው እንጀራ አልገባም" ነው መልሳቸው። አልፈርድባቸውም። ለዚህ ነው ዕጩዋ መጀመሪያ ራሷን ትሙላ፣ ከዚያ ሜንተሯና እኔ እንሙላ፣ ነጥባችን የተለያየበት ላይ ብቻ ሦስታችን ቁጭ ብለን እናውራ የተባባልነው።

ዛሬ የመጀመሪያዋ ነበረች። ስምንተኛው መስፈርት ላይ፣ "ተማሪ ተናግሮ ሳይጨርስ አያቋርጥም" የሚለው (የኔ ነው፣ ተሟግቼ ያስገባሁት)፣ ሜንተሯ 5፣ እኔ 4፣ እሷ ለራሷ 2። ጎኑ ላይ በእርሳስ፦ "ማክሰኞ የሚንተባተበውን ልጅ ቃሉን ጨረስኩለት። ቀና ብሎ አየኝና ተቀመጠ።"

ሃያ ዓመት ሳስተምር ስንቱን ቃል ጨርሼለት ይሆን? እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው 2 ነው 5? ቅጹ ለካ ራሱን የሚያየውን ቀጥቶ የማያየውን ይሸልማል። ይህን ነገ ለጋሽ መ. መንገር አለብኝ።

እሷን ግን አጽናናኋት። ጥያቄ ጠይቆ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ልጁ በዚያች ዝምታ ውስጥ እንደሚያስብ፣ አስተማሪ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ሰከንድ እንኳ እንደማይታገስ አብራራሁላት። አሥር ደቂቃ ያህል። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ሜንተሯ ሰዓቷን አየች።

መሐል ላይ "ግን መምህር፣ እኔ እኮ…" ብላ ጀምራ ነበር።

እሷ እኮ ምን?