ሞተሩ ግሏል፣ መብራቷ ግን «በርዶኛል» ትላለች

ሰሞኑን ቪትዟ ቤንዚን ጠጪ ሆናብኝ ነበር። ጠዋት በስንት ልመና ትነሳለች፣ ስትነሳ ደግሞ ጥቁር ጭስ። የደሴ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ግን ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎን ሽቅብ ጨርሼ ከተማ ስገባም ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው የምትለዋ፣ አልጠፋችም። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የሚበርደው ሞተር የት አለ?

ጋራዥ ስወስዳት «ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል» አሉኝ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው በር ማለት ነው። ግምቱ መጥፎ አይደለም፣ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። አስቀየርኩ። መብራቷ ወይ ፍንክች!

ማታ ቤት ስደርስ ኮፈኑን ከፍቼ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ ነካ ባደርገው እጄን ለበለበኝ። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፣ ጎማ ደግሞ አይዋሽም።

የሙቀት ሴንሰሯ ውሃው በሚያልፍበት የተሰካች፣ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ ነገር ናት። ሲበርዳት ሬዚስታንሷ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማገድ አቅሟ፣ ይጨምራል፣ ሲሞቃት ይቀንሳል። በእሷና በሞተሩ ኮምፒውተር መሀል ሌላ ሬዚስታንስ ከገባ ኮምፒውተሩ ብርድ ነው ብሎ ያምንና ቤንዚን ይጨምራል፣ የባሰው ደግሞ ፋኑን በሰዓቱ አያስነሳም።

ጠዋት ሶኬቱን ነቅዬ በቴስተር ለካኋት። በርዳ 3 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ሞቃ 300 ኦም ገደማ። ለቶዮታ ደህና ቁጥር ነው። ሴንሰር ልገዛ ብር ቆጥሬ ነበር እኮ! ከዚያ ሶኬቱን በስልክ መብራት ሳየው አንዱ ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ለካ ጥፋተኛው እኔው ነኝ፣ በየጊዜው ሞተሩን በግፊት ውሃ የማሳጥበው።

በኮንታክት ማጽጃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ መለስኩት። መብራቷ ፒያሳ ሳልደርስ ጠፋች።

አሁን አጣቢዎቹን ኮፈን አላስከፍትም። ራዲያተሩ ውስጥም የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆር ትቻለሁ፣ ዝገቱ የሴንሰሯን ጫፍ ይሸፍነዋልና ኩላንት ነው የምሞላው።

የወጣውን ቴርሞስታት ድስት ውስጥ ከትቼ ጣድኩት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ እሱ ግን ገና ሳይፈላ ቀስ እያለ ተከፈተ። ሲበርድ ደግሞ ግጥም ብሎ ተዘጋ። ጤነኛ ነበር።