በእስስት ዓይን ትክክል፦ የየጎፍ ደን ማስታወሻ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ የየጎፍን ተራራ በመስኮት ያየዋል። ወርዶ ደኑ ውስጥ የሚገባ ግን ጥቂት ነው። እኔን ካሜራ አስይዘው የወሰዱኝ ትንንሾቹ ፍጥረታት ናቸው፦ እስስት፣ እንሽላሊት፣ እንቁራሪት፣ ከቀናኝም እባብ።

የጎፍ እንደ ሐረና ወይም እንደ ሸካ ዓመቱን ሙሉ የሚረጥብ ደን አይደለም። ጥድና ወይራ የበዛበት፣ ዝናቡ ሲያበቃ ቶሎ የሚደርቅ የደጋ ደን ነው። ለዚህ ነው መሬቱ ውሃ እንደያዘ፣ መስከረም ላይ የሄድኩት።

ለዚህ ሥራ የደጋ ማለዳን የመሰለ የለም። እባብም እስስትም ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከፀሐይ ስለሆነ፣ ሌሊት የቀዘቀዘ ገላቸው እስኪሞቅ ድረስ አይሮጡም። የመጀመሪያው ጨረር የሚያርፍበትን ቁጥቋጦ ፈልጎ እዚያ መጠበቅ ነው።

«ያቻትልህ፣ ወንድሜ» አለኝ የደኑ ጠባቂ፣ በአገጩ ወደ አንድ ክትክታ እያመለከተ። ለረጅም ጊዜ ቅጠል ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ ዓይኗ ዞረ።

እስስቷ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ሙቀት እንዲገባላት ጠቁራ ቆማለች። በደረቴ ተኝቼ ሌንሱን ከዓይኗ ትክክል አደረግሁት። ከላይ ወደ ታች የተነሳ እስስት ሁልጊዜ ትንሽና ምስኪን ይመስላል፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ግን የራሱ ግርማ አለው። በ100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ይህን ያህል ሲጠጉ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስስ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 አጥብቤ፣ ፍላሹን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ዓይኗ ላይ አነጣጠርኩ። የዓይኗ ሽፋን መሐሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ትቶ በቅርፊት ተከድኗል። አንዱ ዓይን እኔን ሲያይ ሌላው ከኋላ ያለች ዝንብ ይከተላል። ጣቶቿ ሁለትና ሦስት ሆነው ተጣብቀው ቅርንጫፉን እንደ ጉጠት ይዘውታል።

ፀሐይዋ ስትጠነክር ጥቁረቷ ቀስ እያለ ለቆ አረንጓዴ ወጣላት። የጄኔቫ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት፣ በቆዳ ሴሎች ውስጥ ያሉ ደቃቅ ክሪስታሎች ሲራራቁና ሲቀራረቡ የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል። ይህን አውቄ እንኳ ዓይኔ እያየ ሲሆን ትንፋሼን ነው የያዝኩት።

እፉኝቷን ያገኘናት ረፋድ ላይ፣ የእርከን ካብ ሥር ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ግን ከደረቅ ሣርና ከድንጋይ ጋር ተመሳስላ ስለተኛች ጠባቂው በበትሩ ባያስቆመኝ አልፋት ነበር። የእፉኝት አደጋም ይኸው ነው፤ መልኳን ተማምና አትሸሽም፣ የረገጣትን ትነክሳለች። ረጅሙን ሌንስ ቀይሬ ከሩቅ አነሳኋት። የዓይን ቆብ ስለሌላት ተኝታም ዓይኗ ክፍት ነው፤ ምላሷ ብቻ ወጣ ገባ እያለ ሽታችንን ይለቅም ነበር።

እባብን በመንጠቆ ጎትተው፣ እንቁራሪትን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው የሚያነሱ አሉ። እኔ አልስማማም። የእንቁራሪት ቆዳ ውሃም አየርም የሚያስገባ ስለሆነ በእጃችን ላይ ያለ ቅባት እንኳ ይጎዳታል። ደንዝዛ የተቀመጠች ፍጥረት ደግሞ ስለ አኗኗሯ የምትነግረን ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ የጠባቂው እናት ቡና ጀባ አሉን። እፉኝቷን ከካሜራው አሳየኋቸው።

«ገደላችኋት?»

«አይ እማማ፣ ተውናት። ማሽላ የሚጨርሰውን አይጥ የምትበላ እሷ ናት።»

«እሱንስ አውቃለሁ ልጄ። ደጄ ከመጣች ግን አልምራትም፤ የልጅ ልጆቼ በባዶ እግር ነው የሚሮጡ።»

እውነታቸውን ነው። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ለእባብ እንዲራሩ ልለምናቸው አልደፈርኩም። የጠየቅኋቸው ደን ውስጥ ያለችውን ብቻ ነው። «እሷስ በአገሯ ትኑር» ብለው ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ማታ ደሴ ገብቼ ፎቶዎቹን ስመርጥ ከእያንዳንዱ ላይ የቦታውን መረጃ አጠፋሁ። እስስት በዓለም ገበያ ለቤት እንስሳነት ይሸጣል፤ ንግዱን ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ቢቆጣጠረውም በስውር የሚወስድ አይጠፋም። የደኑን ስም እነግራችኋለሁ፤ ክትክታው የት እንዳለ ግን አልናገርም።