ቀላሉን ሱዶኩ ለምን እንደምመርጥ

ዛሬም ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ሱዶኩ፣ ማለትም ባዶ ቤቶቹ በቁጥር የሚሞሉ ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነ እንቆቅልሽ፣ አትሜ ሠራሁ። ከባዱን መሥራት እየቻልኩ ወደዚህኛው የምመለሰው ለዕረፍት ብቻ አይደለም። ቀላል ሱዶኩ ላይ የምጽፈው እያንዳንዱ ቁጥር ምክንያቱን ይዞ ይመጣል፤ ለምን እዚያ እንደገባ ለጠየቀኝ ሁሉ ማስረዳት እችላለሁ። ይህ እጅግ ደስ ይለኛል።

ሕጉ አጭር ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየዓምዱና ሦስት በሦስት በሆነው በየሣጥኑ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ስሌት የለበትም፤ በቁጥሮቹ ፋንታ ፊደላት ቢገቡም ጨዋታው ያው ነው።

ዛሬ የጀመርኩት ከ5 ነው፤ ገጹ ላይ በብዛት የታተመው እሱ ነበርና። ከላይ ካሉት ሦስት ሣጥኖች፣ በግራው ውስጥ 5 በአንደኛው ረድፍ፣ በመካከለኛው ደግሞ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጧል። ስለዚህ የቀኙ ሣጥን 5 ከሦስተኛው ረድፍ በቀር መግቢያ የለውም። እዚያ ካሉት ሦስት ቤቶች ሁለቱ ቀድመው ተይዘዋል። የቀረው አንድ ባዶ ቤት ነው፤ ጻፍኩበት። ያ 5 በተራው አንድ ዓምድ ዘጋና ከታች ላለው ሣጥን ቦታውን አሳየኝ። ግምት አላስፈለገም። ለጀማሪ አስቀድሜ የምነግረውም ይህንኑ ነው፤ መገመት ካሰኘው ገና ያላየው ረድፍ ወይም ዓምድ አለ።

በወረቀት መሥራትን የምመርጠው ስህተቴን ቀድሞ የሚነግረኝ ስለሌለ ነው፤ ማረጋገጡ የእኔ ፋንታ ይሆናል። ሳትም ቤቶቹን ሰፋ አደርጋለሁ፤ በየጥጋቸው ሊገቡባቸው የሚችሉትን ቁጥሮች በትንንሹ በእርሳስ እጽፋለሁና። የሣጥኖቹ መስመር ወፍራም፣ መልሱም በሌላ ወረቀት ላይ መሆን አለበት።

ይህን ጨዋታ ፈጠረ የሚባለው አሜሪካዊው አርክቴክት ሃዋርድ ጋርንስ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በአንድ የእንቆቅልሽ መጽሔት ታትሞለት፣ በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሱዶኩ የሚለውን ስም አገኘ። ጋርንስ ግን በ1989 ዐረፈ፤ ዓለም በሙሉ ሲጫወተው አላየም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

መልሱ አንድ ብቻ እንዲሆን ቢያንስ 17 ቁጥሮች አስቀድመው መሰጠት እንዳለባቸው በ2012 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ተረጋግጧል። አስደናቂ ነው፤ ለጀማሪ ግን እንዲህ ያለውን አልሰጥም። ከ30 በላይ የተሰጡበት ይሻለዋል። ለእህቴ ልጅ ደግሞ ነገ አራት በአራት የሆነውን አትምላታለሁ፤ ከ1 እስከ 4 ብቻ ስለሆነ ረድፍና ዓምድን አብራ ማየት ትለምድበታለች።