ሰሜን ሸዋ በጀማ በኩል

ሰሜን ሸዋ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠራው ደብረ ብርሃንን፣ አንኮበርን፣ ደብረ ሊባኖስን ነው። እኔ ግን አገሬን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጀማ ነው። ታሪካችንን በከተማ በከተማ እየነጠልን ስለምንማር ወንዙ ይረሳል።

እስኪ ውሃውን እንከተለው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን በበሬሳ ወንዝ ዳር ናት፤ በሬሳ ወርዶ ጀማ ይገባል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ደብረ ሊባኖስ ያለበት ሸለቆ ውሃም በዘጋ ወደም ወንዝ አድርጎ መጨረሻው ጀማ ነው። ከጣርማበር በስተምሥራቅ የዘነበው ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በስተምዕራብ ያለው በጀማ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል።

ሸለቆውን ለማየት ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ መውረድ ነው። ላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ ስንዴው ቀርቶ ማሽላ ይተካል። ገደሉንም አስተውሉት። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከታች ያለው ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ደግሞ እዚህ ቦታ ባሕር በነበረበት ዘመን የተጋገረ ነው። መርሐቤቴ ላይ ባሕር! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን መንገድ ተኝቼ ማለፍ አልቻልኩም።

አያቴ ከእንሳሮ መርሐቤቴ የተዳረች ናት። አባቷ ያረፉት በነሐሴ፣ ጀማ ሞልቶ ነው። መሻገሪያ አልነበረም። ለቀብር ሳትደርስ ቀረች፤ ከወንዙ ወዲህ ሆና አለቀሰች። እርሟን ያወጣችው ውሃው ሲጎድል በመስከረም ነው። ዛሬ በድልድዩ ላይ መኪና በደቂቃ ያልፋል።

ደብረ ሊባኖስን ካነሳሁ ግንቦት 1929 ዓ.ም.ን ዘልዬ አላልፍም። በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ ላጋ ወልዴ ላይ ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንጌጫ ላይ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያመኑት 449 ሰው ነው፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚያ በብዙ ከፍ ያደርጉታል። በአስፋልቱ ሽው ብሎ የሚያልፍ ወጣት ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ።

ከሁሉም የምሳሳለት ግን ጓሳ፣ የመንዝ ደጋ የሣር ምድር ነው። የመንዝ ሰው ያንን ሣር ለዘመናት ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ በጋራ ይታጨዳል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እዚያ አሉ። ብዙ ሰው የሚሄደው እነሱን ለማየት ነው፣ ደግ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ውሃው ነው። ሣሩ ዝናቡን ይይዛል፣ ምንጩ በበጋም አይነጥፍም፣ ከታች ያለው ቆለኛ ይጠጣል።

የታችኛው ዳገት ግን እስከ ገደሉ አፍ ድረስ እየታረሰ ነው። ክረምት ሲገባ ጀማ ደፍርሶ የሚወርደው የእኛኑ አፈር ተሸክሞ ነው። መንዞች ሣራቸውን እንዴት እንደጠበቁ ከወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ ሄዶ ቢያይ፣ የወረዳ ሰዎችም ቢያገናኟቸው እላለሁ። ከዘር በፊት፣ በዚህ በጋ።