ክረምቱን ታናናሾችን በማስጠናት

ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ ብዙ ቤተሰብ የክረምት ትምህርት ክፍያ ማስላት ይጀምራል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለ ተማሪ ግን ብዙም ወጪ የሌለውና እኛ ከሁሉ የምናስቀድመው ሥራ በየሰፈሩ አለ፤ የጎረቤት ልጆችን ማስጠናት። ሌላውን የሚያስረዳ ተማሪ የራሱን ጉድለት ቶሎ ያየዋል። የ5ኛ ክፍል ልጅ 1/2 ሲደመር 1/3 ብሎ 2/5 ሲጽፍ አስጠኚው ስህተቱን ማስረዳት ካቃተው፣ አልጀብራ ላይ ክፍልፋይ ሲመጣ የሚደናገረው ለምን እንደሆነ እዚያው ይገባዋል።

ለሁለት አስጠኚ ከ6 እስከ 8 ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ሰዓቱ «ዝም በሉ» ሲባል ያልቃል። ልጆቹ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል እንደሚሉት በክፍል የተቀራረቡ ይሁኑ። ቦታው የዕድር ቤት ወይም የአንዱ ወላጅ ሳሎን ሊሆን ይችላል፤ የወላጆችን ፈቃድ መጠየቅና ሁልጊዜ አንድ አዋቂ በቅርብ እንዲኖር ማድረግ ግድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ይሻላል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሆነማ ዝናብ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም።

ሳምንቱን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማድረግ በቂ ነው። ጥቁር የተቀባ ኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ጠመኔ ብቻ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጪውን ዓመት መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ በመጀመር ነው። የማባዛት ሰንጠረዥ ያልያዘ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ካለፈው ክፍል 15 ያህል የሒሳብ ጥያቄ ስጡ፤ እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ አስነብቡ፤ የሚጀመርበት ቦታ ከዚህ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያለፈውን መጠየቅ፣ 45 ደቂቃ ሒሳብ፣ 15 ደቂቃ እረፍት፣ 40 ደቂቃ ንባብ፣ በቀረው 10 ደቂቃ የቤት ሥራ።

ፍልሰታን አትርሱ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብዙ ልጆች ስለሚጾሙና ቅዳሴ ስለሚሄዱ የሚመጡት ይቀንሳሉ፤ ቡሄም እዚያው መሀል ናት። አዲስ ምዕራፍ ሐምሌ ውስጥ ጨርሱና እነዚህን ሁለት ሳምንታት ለክለሳ ተዉአቸው።

ማስጠናት በሌለባቸው የሳምንቱ ቀናት የራስ ጥናት ይቅደም። 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ለዚህ ምቹ ናቸው፤ የተማሪ መታወቂያ መያዝ አይከፋም። ኮምፒውተር የሚያገኝ ደግሞ በ2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ መውሰድ ይችላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስንና አንድሮይድን አንድ ላይ የጀመረ ሁሉንም ከመንገድ ይተዋል። ለጀማሪ ፕሮግራሚንጉ ብቻ ይበቃል፤ ቪዲዮውን ከማየት ይልቅ መልመጃውን በእጅ መጻፍ ላይ ብዙ ሰዓት ይዋል።

ችግኝ ተከላና የአረጋውያንን ቤት ማደስ የሚወድ ተማሪ በወረዳው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይመዝገብ። የማስጠናቱንም ሥራ እዚያ ማሳወቅ ይጠቅማል፤ አዳራሽ ሊገኝ ይችላል።