ኩርፊያና ቁም ሳጥን

የመመረቂያ አኒሜሽን ፊልሜ ሐሳብ በመጨረሻ ለየለት። ወንድምና እህት ተኳርፈዋል። አይነጋገሩም። ግን አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን ተሸክመው በደረጃ ማውጣት አለባቸው። በቃ፣ ፊልሙ ይኸው ነው። ርዝመቱ 90 ሰከንድ፤ ንግግር የለውም።

"ይኼ ብቻ?" የሚለኝ አይጠፋም። ክፍላችን ውስጥ ዘንዶ የሚያበር አለ፣ ከተማ የሚያፈርስ አለ። የእኔም ደብተር ከጠፈር መርከብ አላመለጠም። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። በእጅ ሲሣል ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለምናቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል ይሆናል። 90 ሰከንድ ማለት 1,080 ሥዕል ነው፤ ያውም ለአንድ ሰው። ዘንዶው ይቅርብኝ።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስታገለው የከረምኩት ነገር ክብደት ነው። የሚነጥር ኳስ ሁላችንም ሠርተናል፤ የአኒሜሽን ሀ ሁ እሱ ነው። የፒንግ ፖንግ ኳስም የብረት ኳስም ወረቀት ላይ ያው ክብ ናቸው። የሚለያያቸው አነጣጠራቸውና በሥዕሎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሥዕሎቹ ሲቀራረቡ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ሲራራቁ ይፈጥናል። ስፔሲንግ የምንለው ይህን ነው። ሸክም ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይጠጥራል። ቁም ሳጥን ፊት የለው፣ ጡንቻ የለው። ክብደቱን የሚናገርለት የተሸካሚው ሰውነት ብቻ ነው።

ይህንን ለማየት ስልኬን አቁሜ ራሴን ቀረጽኩ። መጀመሪያ ባዶ ካርቶን የከበደኝ አስመስዬ አነሣሁ። ቀጥሎ ያንኑ ካርቶን መጽሐፍ ሞልቼበት አነሣሁ። ከዚያ ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን አድርጌ ፍሬም በፍሬም አየኋቸው። ባዶውን ሳነሣ የሚተውነው ፊቴ ነው። ቅንድቤ ተኮሳትሯል፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ ካርቶኑ ግን ከእጄ ጋር እኩል ብድግ ይላል። የሞላውን ሳነሣ ፊቴ ላይ ምንም የለም። እግሬ ይከፈታል፣ ዳሌዬ ዝቅ ይላል፣ ክንዴ ይወጠራል፣ ትከሻዬ ወደ ታች ይሳባል። ካርቶኑ ገና ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አንዱ ጥግ ይነሣል፣ ሌላው ይከተላል። ከተነሣ በኋላ ደግሞ ወገቤ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ አለዚያ በአፍጢሜ መደፋቴ ነው።

ያቺ ክንድ ተወጥሮ ዕቃው ያልተነሣባት ቅጽበት ወደደችኝም ጠላችኝም የፊልሜ ዋና ተዋናይ ናት። ጥቂት ፍሬም ብቻ ነች። ብትዘልላት ቁም ሳጥኑ ላባ ይሆናል።

እርግጥ ቪዲዮውን ሥዕል በሥዕል መገልበጥም ይቻላል። ሮቶስኮፒ ይባላል፤ አኒሜተሩ ማክስ ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1917 ፓተንት ያገኘበት ዘዴ ነው። እኔ ግን ስገለብጥ ሰውዬው ይንሳፈፍብኛል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ብቻ ወሰድኩና ቪዲዮውን ዘጋሁት። ዝቅ ያለውን ይበልጥ ዝቅ፣ የተወጠረውን ይበልጥ ውጥር አድርጌ ሣልኩ።

ታሪኩም የተገኘው ከዚሁ ከሸክሙ ነው። መጀመሪያ ተሸካሚው አንድ ሰው ነበር። መምህሬ ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል ያስቀመጥኩበትን ንድፍ አዩና "ማነው? ለምንስ ብቻውን?" አሉኝ። ሁለተኛ ሰው ስጨምርበት ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። ረጅም ዕቃ በደረጃ ሲወጣ አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው ከታች ባለው ላይ ነው። ከላይ ያለው ደግሞ የኋሊት ነው የሚወጣው፤ የሚረግጠውን አያይም። እንግዲህ ማን ከታች ይግባ? ወንድምየው ፈጠን ብሎ የላይኛውን ጫፍ ይይዛል። እህቱ ዞር ብላ ታየውና ዝም ብላ ከታች ትገባለች። ኩርፊያው የማን ጥፋት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ተኳርፎ አንድ ቤት መኖር ይቻላል። ተኳርፎ ቁም ሳጥን ማውጣት ግን አይቻልም፤ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" የሚል ሰው የግድ ነው። ንግግር ስለሌለ ይህን በአገጭ ነው የምሠራው። እሷ አገጯን ከፍ ታደርጋለች፣ እሱ አይቶ እንዳላየ ይሆናል፣ እርምጃቸው ይጋጫል። ደግማ ከፍ ታደርጋለች።

ደረጃውንና ቁም ሳጥኑን ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር ላይ በሦስት አውታር ሠርቼ፣ ሰዎቹን እዚያው ግሪስ ፔንስል በሚባለው የሥዕል መሣሪያው እሥላቸዋለሁ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ለተማሪ ኪስ ይስማማል። ማዕዘናም ዕቃ እያዞሩ በእጅ መሣል እንደሆነ ለጠላትም አይመኙት።

አሁን አኒማቲኩ ላይ ነኝ። የስቶሪቦርዱን ሥዕሎች በየቆይታቸው ደርድሬ፣ ትንፋሽና የእንጨት ሲጥታ አስገብቼባቸዋለሁ። ያልተፈታልኝ የደረጃው መታጠፊያ ነው። እዚያ ቁም ሳጥኑን አቁመው ያርፋሉ። ከዚያ ወንድምየው ወርዶ ከታች ይግባ ወይስ አይግባ? መምህሬ "ይግባ" ባይ ናቸው። እኔ ቶሎ የታረቁ እንዳይመስል ፈርቻለሁ። ሁለቱንም ሞክሬ አያለሁ። ቦታ ከተቀያየሩ ፊልሙ ላይ 4 ሰከንድ ይጨመራል፤ ለሁለት ሰው 96 ሥዕል።